አክስቴ ሳትኖርበት ቤት አትገዛም

ደላላ ነኝ። ይህን ስናገር ፊታችሁ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ደላላ ሲባል ሰው መጀመሪያ ኪሱን ነው የሚዳብሰው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አክስቴ ነው። በወሬው መሃል እኔም አለሁበት፣ ያለሁበት ቦታ ደግሞ የሚያኮራ አይደለም። ቢሆንም እናገረዋለሁ። እውነት የሚናገር ደላላ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይኸው እዩ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጥባለች። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። በእንፋሎት የታፈነ ምድር ቤት፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጓሩ ማሽኖች፣ ደም የነካው ለብቻ፣ መድኃኒት የነካው ለብቻ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው እዚያ ነበር፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ቁልል ላይ ተቀምጬ። አክስቴ አንዱን አንሶላ ገልጣ ታይና፣ "ይኼ በሽተኛ ከሰኞ ጀምሮ አልተገላበጠም፤ እላይ ያሉት ምን ይሠራሉ?" ብላ ደረጃውን ወጥታ ከነርሶቹ ጋር ትጣላለች። ከሐኪም ጋር የተጣላችበትም ቀን አለ። የሚያናድደው ነገር ሁልጊዜ ልክ መሆኗ ነው። ሁልጊዜ ልክ ከሆነ ሰው ጋር መኖር እንዴት እንደሚያደክም የኖረበት ያውቀዋል።

በዚያ ደመወዝ ላይ በእረፍት ቀኗ የሰው ልብስ እያጠበች ጨመረችበትና አራት ክፍል ያለው ቤት ገዛች። አንዱ ውስጥ እኔና እሷ ገባን። ሦስቱን ልታከራይ ነው። ከማከራየቷ በፊት ያደረገችውን ስሙ። ፍራሿን ተሸክማ አንደኛው ክፍል ገባችና አንድ ሳምንት ኖረችበት። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። ጎረቤቱ ሁሉ "ሴትዮዋ ነካ አደረጋት እንዴ?" አለ። እሷ እቴ! "ያልኖርኩበትን ክፍል ለሰው አልሰጥም" ብላ አረፈችው። እየኖረችም ጉዱን ሁሉ አወጣችው። አንደኛው ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ገብቶ ሰው ያስወጣል። የሁለተኛው በር ሲዘጋ የጎረቤቱ ግድግዳ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ሲዘንብ ውሃ የሚያስገባው በጣሪያው ሳይሆን በመስኮቱ ሥር ነው። ሁሉንም አሠራች። ተከራይ በወጣ ቁጥርም እንደዚያው ነው፤ አዲስ ሰው ከመግባቱ በፊት አክስቴ ትገባለች። የሳምንት ኪራይ ይቀርባታል። "ይቅርብኝ፤ ሳምንት ቢቀርብኝ ሰውዬው አምስት ዓመት ይቀመጥልኛል" ትላለች። ደግሞም ይቀመጣሉ።

ይህን ያየ ሁሉ ምክር ፍለጋ መምጣት ጀመረ። ጡረታ የወጣው፣ ውርስ የደረሰው፣ ቤት ሠርቶ ላከራይ ያለው፣ ሁሉም እኛ በር ላይ ነው። ጥያቄያቸው ያው ነው፣ መልሷም ያው ነው። ኪራዩ ወጪውን ይችላል ወይ? "ዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ነው ብለህ አትቁጠር፤ አሥር ነው። አንዱን ወር ባዶ ይሆንብሃል፣ አንዱን ቧንቧና ጣሪያ ይበላብሃል። በአሥር ወር ካላዋጣህ ተወው።" እንዴት ያለ ተከራይ ልምረጥ? "አፉ የሚጣፍጠውን አይደለም። አሁን የሚኖርበትን ቤት ሄደህ እይ፤ ያንን እንደያዘው ያንተንም ይይዘዋል።" በየዓመቱ ልጨምርበት? "ጨምር፤ መጀመሪያ ግን ተበላሸ ያለህን ቁልፍ ቀይርለት።" ራሴ ልያዘው ወይስ ሰው ልቅጠር? እዚህ ላይ ዓይኗን አጥብባ ታየዋለች። "ቧንቧው ሲፈነዳ ስልክህን ታነሳለህ? የምታነሳ ከሆነ ራስህ ያዘው። የምታጠፋ ከሆነ ቤት ይቅርብህ፤ ገንዘብህን ባንክ አስቀምጠህ ተኛ።"

አምና ጡረታ ወጣች። እጇ በበረኪና ተልጦ ተልጦ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል። ጡረታው ደግሞ ያው ጡረታ ነው፤ ወሩ አጋማሽ ላይ ያልቃል። ስለዚህ "ሁለተኛ ቤት እገዛለሁ" አለች። ባንኩም ሊያበድራት ፈቀደ፤ ግን በመያዣ ነው። መያዣው ምን እንደሆነ ሳልነግራችሁም ገብቷችኋል። ያው አራት ክፍል ቤቷ ነው። አዲሱ ቤት ኪራይ ካላመጣ ባንኩ አሮጌውን ይወስዳል፤ የሠላሳ ዓመት አንሶላ በአንድ ፊርማ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ብድር ክፍል ያለችው ልጅ ይህንን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስረዳቻት። አክስቴ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችና፣ "የኔ ልጅ፣ ስታስፈራሪ ደስ ትያለሽ። አይዞሽ፣ ቤቱን መርምሬ ነው የምመጣው" አለቻት።

ቤቱን ያመጣሁላት እኔ ነኝ።

ባለቤቱ የመኪና ጎማ ሻጭ ነው፤ ሁሉም "ባለ ጎማው" ነው የሚለው። ሰፊ ግቢ፣ ዙሪያውን ስድስት ክፍሎች፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ፣ መሃል ላይ ቧንቧ። "አምስቱ ተከራይቷል፣ አንዱ ብቻ ነው ባዶ" አለ። ተከራዮቹ ሥራ ላይ ናቸው ተባለ፤ በየበሩ ግን መጋረጃ ተሰቅሏል፣ ጫማ ተደርድሯል። የአምስቱ ኪራይ የባንኩን ብድር በደንብ ይከፍላል፣ በአክስቴ በአሥር ወር ሒሳብም ቢሆን።

አሁን ስሙኝ። እኔ ያንን ቤት አውቀው ነበር።

ከሦስት ወር በፊት ይኸው ባለ ጎማው ጠርቶኝ ቁልፉን ሰጥቶኝ "ተከራይ አምጣልኝ" ብሎኝ ነበር። ያኔ ስድስቱም ባዶ ነበሩ። አራት ጊዜ ሰው ወስጄ አሳይቻለሁ። አራቱም ክፍሉን ወደዱት፣ አራቱም ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዱ፣ ሲከፍቱት አየር ብቻ ተነፈሰባቸው። ጎረቤት ሲጠይቁ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ ነው፣ እሱም ጠብ ጠብ እያለ። አራቱም "እናስብበት" ብለው ሄዱ፤ በእኛ ሥራ "እናስብበት" ማለት ደህና ሁን ማለት ነው። ቁልፉን መለስኩ። አሁን ሰውዬው ዓይኑን በጨው ታጥቦ መጥቶ "ውሃው ተስተካክሏል፣ ቤቱም ሞልቷል፣ ገዢ ፈልግልኝ" ሲለኝ አመንኩት። ውሸቴን ነው፣ አላመንኩትም። ላለመጠየቅ ነው የወሰንኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? በዚያ ቤት ኮሚሽን የራሴን ቢሮ ልከፍት ነበር፤ በር ያለው፣ ታፔላ የተሰቀለበት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጠረጴዛዬ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ የሰው ውል ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ የምሮጥ ሰው ነኝ። ምክንያቴ ይህችው ናት፤ ሌላ የለኝም።

አክስቴ ቤቱን ዞረችው። ቀለሙን አላየችም፤ ቀና ብላ ጣሪያውን፣ ጎንበስ ብላ የግድግዳውን ሥር አየች። ከዚያ ወደ ባለ ጎማው ዞረችና፣ "ባዶዋን ክፍል ለአንድ ሳምንት አከራየኝ" አለችው።

"እትዬ፣ ሆቴል መሰለዎት እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"ሆቴል ቢሆንማ ምን አስጨነቀኝ? ሆቴል አልገዛም።"

ባለ ጎማው እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ትንሽ አሰበና፣ "እሺ፣ ደስ ካለዎት። ግን ሰኞ ይግቡ፤ ላስጸዳልዎት" አለ።

እሁድ ዕለት በዚያ በኩል ሳልፍ ከቤቱ ጀርባ የውሃ ቦቴ ቆሟል። ቱቦው አጥሩን ተሻግሮ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ትልቅ ታንከር ውስጥ ገብቷል። ታንከሩ ከግቢው ቧንቧ ጋር መገናኘቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ወደዚያ የወሰደኝን እግሬን ረገምኩ፤ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ሰኞ አክስቴ ፍራሿንና አንድ ቦርሳዋን ይዛ ገባች። ማክሰኞ ደወለችልኝ።

"የእህቴ ልጅ፣ ይኼ ግቢ አንድ ነገር አለው።"

"ምን አለው?"

"አምስት ተከራይ፣ አንድም ስሞታ የለም። ቤቱ ጥሩ ነው፣ መብራቱ ጥሩ ነው፣ አከራዩ መልአክ ነው። ተከራይ ሆኖ አከራዩን የማያማ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። እኔ እንኳ እንዲህ ደግ ሆኜ ጠዋትና ማታ ነው የሚያሙኝ።"

"ምናልባት ጨዋ ሰዎች ይሆናሉ።"

"ጨዋም ያማል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ" አለችና ዘጋችው።

ሐሙስ ዕለት አንሶላዋን አጠበች። ውሃው ከቧንቧው እንደ ልብ ወረደላት፤ በዚህ ደስ አላት። ከዚያ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀለችው። ሲደርቅ ስታወርደው በመሃሉ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። ይህ ለእናንተ ምንም አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ላጠበች ሴት ግን የተጻፈ ደብዳቤ ማለት ነው። አምስት ቤተሰብ ልብስ የሚያሰጣበት ገመድ አቧራ አይዝም፤ ልብሱ ራሱ ይወለውለዋል። እስከ ቅዳሜ ጠበቀች። ቅዳሜ ሠርቶ አዳሪ ሁሉ የሚያጥብበት ቀን ነው። በርጩማ አውጥታ ግቢው መሃል ተቀመጠች። አንድ ካልሲ እንኳ አልተሰጣም።

ሁለት ቁጥር ክፍል ያለችውን ልጅ ጠራቻት። "የኔ ልጅ፣ ልብስሽን የት ነው የምታጥቢው?"

"እናቴ ጋ እወስደዋለሁ፣ እትዬ።"

"ጎበዝ።" አራት ቁጥር ያለውን ወጣት ጠየቀችው። እሱም እናቱ ጋ ነው። አምስት ቁጥር ያለውም እናቱ ጋ ነው።

"እናታችሁ አንድ ናት እንዴ?" አለች አክስቴ።

ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሁለቱ ወንድምና እህት ናቸው፣ ሦስተኛው የአክስታቸው ልጅ። "እትዬ፣ በሞቴ እኔ ነገርኩዎት እንዳይሉ። ባለ ጎማው አጎታችን ነው። 'እስኪሸጥ ድረስ እዚያ ሁኑልኝ፣ የኪስ ገንዘብ እሰጣችኋለሁ' ብሎን ነው።" ሌሎቹም ያው ዘመዶቹ ናቸው። የገቡት እሁድ ማታ፣ ቦቴው ከሄደ በኋላ ስለሆነ ስለ ውሃው እነሱም የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

ባለ ጎማው ተጠራ። እኔም ተጠራሁ። ሰውዬው ያፍራል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ደረቱን ነፋ። "ታዲያ ምን ይሁን? ቤቱን ሳድሰው ስለነበር ሰው አልነበረበትም። ባዶ ቤት ገዢ ዓይን ውስጥ አይገባም ብዬ ዘመዶቼን አስገባሁ። ግድግዳው ተቀየረ? ጣሪያው ተቀየረ?"

"ዋጋው ይቀየራል" አለች አክስቴ። "ባዶ ቤት ነው የምትሸጥልኝ፤ የባዶ ቤት ዋጋ ንገረኝ። መሙላቱ የኔ ሥራ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ፣ ስለዚህ ቤት የሰማኸው ሌላ ነገር አለ?"

ባለ ጎማው አፍጥጦብኛል። አክስቴ እያየችኝ ነው። ጊዜውም ቦታውም ያ ነበር።

"የለም" አልኳት።

ያቺን ቃል ስናገር አፌ ላይ ምን ያህል ቀላል ሆናልኝ እንደነበር አሁንም ይገርመኛል። አክስቴ ደስ ብሏት እጄን ያዘችኝ። ጣሪያ ደህና፣ ግድግዳ ደህና፣ ውሃ ደህና፣ ዋጋ ቀነሰ። ማክሰኞ ለመፈራረም ተቀጠረ። ባንኩም የአሮጌውን ቤት ካርታ ተረክቦ ውሉን ብቻ እየጠበቀ ነበር።

የውል ጸሐፊው ቢሮ ጠባብ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማኅተም፣ ሦስት የማይመሳሰሉ ወንበሮች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋለች፣ ቀሚሷ ተተኩሶ ተጣጥፎ የወጣ አንሶላ ይመስላል። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። "ገዢ ቤቱን አይተውና መርምረው ወደውት..." ሲል አክስቴ እጇን አነሳች።

"አንድ ሳምንት ኖረውበት ብለህ ጨምርበት።"

ጸሐፊው ሳቀ፣ ባለ ጎማው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ኩራት የተቀላቀለበት ሳቅ። እስክሪብቶውን አነሳች። ጣቶቿ ስለማይታጠፉ በመዳፏ ነው የምትይዘው። እኔ ያንን እጅ አየሁ። ስድስት ዓመቴ ሳለ ለብርድ ብላ በእንፋሎት ክፍሉ ውስጥ ካልሲዬን እየተኮሰች ታለብሰኝበት የነበረው እጅ ነው።

"አክስቴ፣ አትፈርሚ!"

ከዚያ በኋላ አፌን ማንም ሊዘጋው አልቻለም። ቁልፉን፣ አራቱን ሰዎች፣ አየር የሚተነፍሰውን ቧንቧ፣ ቦቴውን፣ ታንከሩን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ባለ ጎማው ከወንበሩ ብድግ አለ። "አብዷል! ኮሚሽኑ አነሰኝ ብሎ ነው! ይኼ ደላላ..."

"ቁጭ በል" አለችው አክስቴ። ድምፅዋን እንኳ አልጨመረችም። እኔን ግን አላየችኝም፤ ወረቀቱን እያየች ጠየቀችኝ። "ስንት ሰው አሳየህ?"

"አራት።"

"አራቱንም ውሃው ነው ያባረራቸው?"

"ውሃው ነው።"

ወደ ባለ ጎማው ዞረች። "በቦቴ ነው ያስሞላኸው?"

"ታዲያ በቦቴ የመጣ ውሃ ውሃ አይደለም እንዴ?" ብሎ እርፍ። ጸሐፊው ራሱ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ሳቅ ይሁን እፍረት አልለየሁትም።

አክስቴ እስክሪብቶውን ከደነች። "ውሉን አትቅደደው" አለችው ጸሐፊውን። "ቤቱ ቤት ነው፤ ዋጋው ነው ስህተት። ውሃ እንዳለው ቤት ነው የጻፋችሁት።" ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ከኋላዋ ተከተልኳት። ረጅም መንገድ ሄደች። ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት ለፊት ቆመች።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ቢሮ ልከፍት ፈልጌ።"

"ቢሮ!" አለች። "ቢሮ ልትከፍት እኔን ከቤቴ ልታስወጣኝ?" ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ያንን ቤት ሳምንት ኖርኩበት፣ አልተገለጠልኝም። አንተን ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ ኖርኩ፣ አንተም አልተገለጥክልኝም። እኔ ምኑን ነው የማውቀው ታዲያ?" አክስቴ አላውቅም ስትል በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሰው እያየኝ ያልፋል፤ ይየኝ። እሷ ታክሲ አስቁማ ገባች፤ እኔን በእግሬ ተወችኝ።

አሥር ቀን አላናገረችኝም። ምግቤ ተከድኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሸሚዜ ታጥቦ ወንበር ላይ ይሰቀላል፣ ቃል ግን የለም። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ስትሰድበኝማ ኖራለች፣ ስድቧን ለምጄዋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ቆማ "ጫማህን አድርግ" አለችኝ። የቧንቧ ሠራተኛ ይዛለች። ለካ እኔ ሳዝን እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ወደ ባለ ጎማው ቤት ጀርባ ወሰደችን። ሠራተኛው ወደ ታችኛው መንገድ አመለከተ። የግቢው ቧንቧ የመጣው ከላይኛው መንገድ፣ ከአሮጌውና ከጠባቡ መስመር ነው፤ ውሃው እዚያ ከመድረሱ በፊት ሰፈሩ ይጨርሰዋል። አርባ እርምጃ ቁልቁል ሲወረድ ግን አዲስ ወፍራም መስመር ያልፋል። የጎረቤት አጥር ሥር መቆፈርና አንድ ፓምፕ ማስገባት ብቻ ነው። ጎረቤቱን አክስቴ አነጋግራ አስፈርማዋለች፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱም ቀጠሮ ሰጥቷታል።

"ቁልቁል ካለ መንገድ ውሃው ይወጣል ወይ?" አልኩ፤ አንድ ነገር መናገር ስላለብኝ ብቻ።

"ሆስፒታሉ አምስተኛ ፎቅ ላይ ማን በባልዲ ያመላልስ መሰለህ?" አለች። ከ'ጫማህን አድርግ' ሌላ የአሥር ቀን የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር። እኔ ግን እቅፍ እንዳደረገችኝ ነው የቆጠርኩት።

እዚያው ቆማ ባለ ጎማው ጋ ደወለች። የቁፋሮውን፣ የፓምፑንና የሁለት ወር ባዶውን ቀንሳ ዋጋዋን ነገረችው። ጮኸ። ዘጋባት። በማግስቱ ደወለ፤ ጮኸ፤ ዘጋ። በሦስተኛው ቀን ደውሎ አልጮኸም። ሌላ ገዢ ከየት ያመጣል? ወሬው ከውል ጸሐፊው ቢሮ ወጥቶ ደላላው ሁሉ ጋ ደርሷል። ተፈራረሙ። አክስቴ ብድሩን እንደገና በአሥር ወር ሒሳብ አሰላችው፤ አሮጌው ቤቷ የትም እንደማይሄድ የባንኩ ብድር ክፍል ልጅ ራሷ አረጋገጠችላት። ስለ ኮሚሽን እኔ አልጠየቅኩም፣ እሷም አላነሳችም።

በዚያው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ጠራችኝ። "ከዚህ ቤት ትወጣለህ" አለችኝ።

እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

"አዲሱ ቤት ስድስት ቁጥር ትገባለህ። ቧንቧው እስኪገባ አንድ ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ውሃ በጀሪካን ትቀዳለህ። ሠራተኞቹን ትቆጣጠራለህ። ኪራዩ እንደማንኛውም ሰው ነው፣ አንዲት ሳንቲም አልቀንስልህም።"

"እሺ" አልኩ።

መነጽሯን አድርጋ የኪራይ ውሉን መሙላት ጀመረች። ያንን ወረቀት አሥር ዓመት ለሰው ሳስፈርም ኖሬያለሁ፤ በራሴ ላይ ሲነበብ ግን የማላውቀው ሆነብኝ። ኪራይ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን። የተሰበረ መስኮት በተከራዩ ወጪ። መልቀቂያ ከሁለት ወር በፊት። እያንዳንዱን እያነበበች በጣቷ ትነካዋለች፣ እኔም ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። ከታች ደረሰችና ቆመች። አከራይ የሚለው መስመር ላይ ስሟ ተጽፏል፣ ተከራይ የሚለው ላይ የኔ። አንድ መስመር ቀረ።

"ዋስህ ማን ነው?"

አክስቴ ያለ ዋስ ሰው አስገብታ አታውቅም። ቤቱን ቢያበላሽ፣ ቢጠፋ፣ ቃሉን ቢበላ፣ እኔ አለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ማለት ነው። አሰብኩ። ጓደኞቼ ደላሎች ናቸው፤ ደላላ ለደላላ ዋስ ሲሆን ማን አይቶ ያውቃል? ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ጃንጥላ እንኳ አያውሰኝም። እናቴ የለችም። አባቴን አላውቀውም። አንድ በአንድ ፊታቸውን ሳስብ ቆየሁና ጨረስኳቸው፤ ለመጨረስም ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

"የለኝም" አልኩ። "ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም፣ አክስቴ። አንቺን ደግሞ..."

መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው። እስክሪብቶውን በመዳፏ ያዘች። ዋስ በሚለው መስመር ላይ፣ አልታጠፍ በሚሉት ጣቶቿ፣ ቀስ ብላ የገዛ ስሟን ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

"ፈርም እንጂ" አለችኝ፤ "ምን ታፈጣለህ?"